ፍራንክሊን መቃብር ላይ ሳንቲም ወርውሩ አትበሉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ፊላደልፊያ የወጣው ጽሑፍ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን መቃብር ማንሣቱ መልካም ነው። ሆኖም አንባቢን የሚያሳስት ነገር አለበት። (ቀኑንና ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ጽሑፉ ፕሬዚዳንት ቢለውም፣ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ፍራንክሊን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ አያውቅም። መልኩን ባለ መቶ ዶላር ኖት ላይ እያየን ስለኖርን ስሕተቱ አይገርምም። በ1706 ቦስተን የተወለደ አታሚ ነው። የ1776ቱን የነፃነት አዋጅ፣ ከፈረንሳይ ጋር የተገባውን የ1778ቱን ቃል ኪዳን፣ ከብሪታንያ ጋር የነበረውን ጦርነት የቋጨውን የ1783ቱን የፓሪስ ውልና የ1787ቱን ሕገ መንግሥት አራቱንም የፈረመ ከእሱ በቀር ማንም የለም። ሚያዝያ 17 ቀን 1790 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

ጽሑፉ ጎብኚውን የሚልከው 2ኛ ጎዳና ወዳለው ክራይስት ቸርች ነው። እዚያ የተቀበሩት ግን ሌሎች የነፃነት አዋጁ ፈራሚዎች፣ ጄምስ ዊልሰንና ሮበርት ሞሪስ ናቸው። ፍራንክሊን ያለው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ንብረት በሆነው ሌላ የመቃብር ግቢ፣ 5ኛ እና አርች ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ነው።

ገላውን ካረጀ መጽሐፍ ልባስ ጋር ያመሳሰለው ዝነኛ ጽሑፍም ድንጋዩ ላይ የለም። ያንን የጻፈው በ22 ዓመቱ ነው። በኑዛዜው ያዘዘው ቁመቱ 6፣ ወርዱ 4 ጫማ የሆነ፣ ዳር ዳሩን ብቻ በትንሹ የተቀረጸ ያላጌጠ እብነ በረድ ሲሆን፣ የእሱና የባለቤቱ የዲቦራ ስም ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ሰፍሮበታል። ዲቦራ የሞተችው ቀደም ብላ በ1774፣ እሱ ለንደን ሳለ ነው። አጠገባቸው በ1736 በፈንጣጣ የሞተው የ4 ዓመት ልጃቸው ፍራንሲስ ተቀብሯል።

ከሁሉ የከፋው «ለዕድል ሳንቲም ወርውሩ» የሚለው ምክር ነው። ልማዱ ፍራንክሊን ስለ ቁጠባ ከሰበከው ጋር የተያያዘ ነው ይባላል፤ ገንዘብ መወርወር ምኑ ቁጠባ እንደሆነ ግን አይገባኝም። አንድ ፔኒ (የአንድ ሳንቲም ዲናር) 2.5 ግራም ብቻ ቢመዝንም እብነ በረድ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ሳንቲሙ በወደቀ ቁጥር ፊቱ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውኃ ያቁራል፣ ውኃው በክረምቱ ብርድ በረዶ ሲሆን እየሰፋ ድንጋዩን ይገፋዋል። ድንጋዩ ተሰንጥቆ በ2016 ወደ 80 ሺህ ዶላር ለሚገመት ጥገና ከሕዝብ መዋጮ እስከ መጠየቅ ተደርሷል። ከአርች ጎዳና ማዶ ያለው የሳንቲም ማምረቻ ለገበያ የሚውል ፔኒ መሥራት በኅዳር 2025 አቁሟል፤ በየኪሱ ያለው ግን ገና ብዙ ነው፣ ሌላ ሳንቲም የሚወረውርም አይጠፋም።

መቃብሩን ለማየት የግድ መግባት አያስፈልግም። በ1858 የግንቡ አንድ ክፍል ፈርሶ በብረት አጥር ስለተተካ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ግቢው ለጎብኚ ዝግ በሚሆንበት ጊዜም እንኳ። በድረ ገጻችሁ ያለውን ቅጂ፣ ቢያንስ የሳንቲሙን ምክር፣ እንድታርሙት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከፊላደልፊያ