ልጄ፣ ኦርኪድሽን በየቀኑ ውሃ አታጠጪው

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? እኔ ደህና ነኝ፣ አባትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ወገቡ ተሽሎታል። የማርቆስ ብርድ እንደምታውቂው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ሳልደርብ ከቤት አልወጣም። ትናንት ማታ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። በአጭሩ "ያምራል" ብዬ መለስኩልሽ እንጂ የምነግርሽ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ።

አበባውን አውቄዋለሁ። ረጅም ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ ጥቃቅን ቡናማ ቀይ አበቦች፣ ከታች ከንፈር የመሰለ ነጣ ያለ የአበባ ቅጠል። ኦንሲዲየም የሚባለው የኦርኪድ ወገን ነው። "ቸኮሌት ቸኮሌት ይሸታል" ስትዪኝ ደግሞ ሻሪ ቤቢ የሚሉት ዝርያ ሳይሆን አይቀርም አልኩ፣ እሱ የሚታወቀው በዚህ ሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የምናየው ሰፋፊ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ ያለው ፋላኖፕሲስ ነው፣ አብዛኛው ሽታ የለውም። ጥሩ ነገር ነው የገዛሽው፣ ደስ ብሎኛል።

ያስጨነቀኝ ግን "በየቀኑ ጠዋት ውሃ አጠጣዋለሁ" ያልሽኝ ነው። እባክሽ ዛሬውኑ ተዪው።

የመጀመሪያዬን ኦርኪድ የገደልኩት በውሃ ነው። አንቺ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርሽ፣ ሳሎን መስኮት ላይ የነበረውን ምናልባት ታስታውሽው ይሆናል። እንደ ጤናዳምና እንደ በሶብላ ቆጥሬው ጠዋት ማታ አጠጣው ነበር። ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ውሃ ጠማው ብዬ ጨመርኩለት። በመጨረሻ ከፖቱ ሳወጣው ሥሩ ጠቁሮና ላሽቆ በጣቴ ስነካው ልጣጩ ወለቀ። ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ አቅቶት ነበር የጠወለገው፣ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ውሃ እጨምርበታለሁ። በጣም አዝኜ ነበር። የጠማውም ውሃ የበዛበትም ቅጠሉ ያው አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ቅጠሉን አይተሽ አትፍረጂ፣ ሥሩን እዪ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይሄ ተክል የአፈር ልጅ አይደለም። ዘመዶቹ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጫካ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። የዛፉን ምግብ አይነኩም፣ መቀመጫ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ይጠጣል፣ ከዚያ ነፋስ ያደርቀዋል፣ እንደገና ዝናብ ይመጣል። ሥሩ ስፖንጅ የመሰለ ልባስ አለው፣ ሲደርቅ ብርማ ነጭ ይሆናል፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ፖቱ ውስጥ ያለው የዛፍ ቅርፊት የሆነውም ለዚህ ነው፣ አየር እንዲያልፍ። አደራ አፈር እንዳትጨምሪበት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ፖቱን በእጅሽ አንሺው። ከባድ ከሆነ ገና ነው፣ መልሰሽ አስቀምጪው። ቀለል ካለሽና ሥሩ ከነጣ ጠዋት ላይ ወደ ቧንቧ ወስደሽ ከታች እስኪፈስ ድረስ በደንብ አጠጪው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ወደ ቦታው። ከሥሩ ያለው ሳህን ላይ ውሃ ተኝቶ አይደር። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ምናልባት በየአራት አምስት ቀኑ ይፈልግ ይሆናል፣ ክረምት ላይ ግን ሳምንት አልፎትም ላይደርቅ ይችላል። ቀን አትቁጠሪ፣ ፖቱን እየመዘንሽ ነው የምታውቂው። ክረምት ላይ ደግሞ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅሚለት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ ያለውን። ከዝናብ ውሃ የተሻለ የለውም።

ቦታን በተመለከተ አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ይከብደዋል፣ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይስማማዋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው መስኮትሽ ጋ አድርጊው። የቀትሩ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ስስ መጋረጃ ይበቃል። ቅጠሉ ፈካ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ብርሃኑ በቂ ነው፣ ከጠቆረ ጨለማ በዝቶበታል ማለት ነው፣ ያኔ አያብብም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ፎቶው ላይ ከአበባው አጠገብ የማንጎ ሳህን አየሁ። አንሺው! የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ እሱ እንቡጡን ሳይፈታ ያረግፈዋል። የከሰል ጭስም እንደዚያው ነው። ሙዝ ነጋዴዎች ጥሬውን ሙዝ ክፍል ውስጥ ዘግተው በኬሮሲን ጭስ ሲያበስሉት አይተሻል አይደል? ጭሱ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ ነው ሙዙን የሚያበስለው። እንግዲህ ቡና ስታፈዪ ምድጃውንና ዕጣኑን ከአበባው ራቅ አድርጊ። ከሱቅ ወደ ቤት ስለተዛወረ ብቻ ጥቂት እንቡጥ ቢያረግፍ ግን አትደንግጪ፣ ቦታ ሲቀየርበት ያደርገዋል። አሁን አበባ ላይ ስለሆነ ፖቱንም አትቀይሪበት፣ እሱ አበባው ካለቀ በኋላ የሚሆን ነው፣ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ይበቃል።

ስለ ሽታው ጠይቀሽኝ ነበር፣ "ማታ ለምን ይጠፋል?" ብለሽ። አልጠፋም፣ ሰዓቱ አይደለም። ይሄኛው ቀን ሞቅ ሲል ነው የሚሸተው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ጠጋ በይው። አበባ የሚሸተው ለእኛ ብሎ አይደለም፣ የሚያራክበውን ነፍሳት ሊጠራ ነው። ነጭ የሆኑትና ማታ የሚሸቱት የእሳት ራት ይጠራሉ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ አንድ የማዳጋስካር ነጭ ኦርኪድ ሲጽፍ፣ ወለላው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቀጭን ጅራት ጫፍ ላይ ስላለ፣ እዚያ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት ራት መኖር አለበት አለ። ራቱ ስም ወጥቶለት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፣ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጥ ነበር።

ምክንያቱም እኔም አይቻለሁ። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ለዋዜማ ስንሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው ትልቅ ዋንዛ ግንድ ላይ ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ከኋላው ቀጭን ጅራት ያለው። ቀን ምንም አይሸትም። ሲመሽ ግን በሩ ላይ ሳንደርስ ያውደን ነበር። እናቴ ልቁረጠው ስላት "የታቦቱ ነው፣ ተዪው" አለችኝ። ዛሬ ሳስበው ኤራንጊስ የሚባለው ወገን ይመስለኛል፣ አገራችንም ውስጥ ይበቅላል። አንቺም የደብር ደን ውስጥ ብታዪ እንዳትነቅዪ፣ ከዛፉ የተነቀለ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ማዳበሪያውን ልርሳው ነበር። አጎትሽ ዩሪያ ሊሰጥሽ ቢል እንቢ በይ። እሱ ለበቆሎ ማሳ ነው፣ የኦርኪድን ሥር ያቃጥላል። የአበባ ፈሳሽ ማዳበሪያ ካገኘሽ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሩቡን ያህል በውሃ በጥብጠሽ በወር ሁለት ጊዜ፣ እሱም አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ብቻ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ቅጠሉ ሥር ካየሽ አልኮል ውስጥ በተነከረ ጥጥ ጥረጊው። አዲስ ስለሆነም ለሦስት አራት ሳምንት ከሌሎቹ ተክሎችሽ ለየት አድርጊው።

አበባው ሲረግፍ ዘንጉን ቁረጪ፣ ሞተ ብለሽ እንዳትጥዪው። ከቅጠሉ ሥር ሽንኩርት የመሰለውን ወፍራሙን ታዪዋለሽ? አንዴ ያበበው ደግሞ አያብብም፣ ግን ከጎኑ አዲስ ይወልዳል፣ የሚቀጥለው አበባ ከዚያ ነው የሚመጣው። አሮጌውንም አትቁረጪው፣ ምግብና ውሃ ያስቀምጥለታል።

ቅዳሜ ስትደውዪ ካሜራውን ወደ ሥሩ አዙሪልኝ፣ ምን ያህል እንደተጎዳ አብረን እናያለን። ማንጎውን ግን አሁኑኑ አንሺው።

እናትሽ
ከደብረ ማርቆስ