ለአባቴ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያዋ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ደብረ ብርሃን።

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ውርጩስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሹ የልጅ ልጅዎ በአንድ ሳምንት ሁለት ጥርስ አውልቆ ሁለቱንም ጣራ ላይ ወርውሯል፤ እኅቱም ሞግዚት ሆናበት ቤቱን ታስተዳድራለች።

ጎረቤትዎ ደውለው፣ ከንጋት በፊት ተነሥተው በቀዝቃዛ ውሃ አንሶላ ሲያጥቡ እንዳዩዎት ነገሩኝ። ለምን እንደሚያጥቡ እርሳቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ እርስዎንም አልጠይቅም። ነገር ግን በዚህ ብርድ እንዲህ ሊቀጥሉ ስለማይገባ፣ ጓዳ ውስጥ ጆንያ ለብሳ የቆመችውን ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ላስነሣት ወስኛለሁ።

እባክዎ ብቻዎን እንዳይሞክሯት። ይህን ያህል ዘመን የቆመች ማሽን ስፒናዋ ስለተሰካ ብቻ አትነሣም፤ በማጠቢያው ገንዳ ግርጌ ያለውን መዘውር የሚያሽከረክረው ቺንጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ከመጭመቂያው ሥር ያለው ጎማ ሲደርቅ ውሃው ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሽቦዋንም አይጥ ሳይቀምሰው አይቀርም። ካፓሲተሩ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጀርባዋን ማንም እንዳይከፍት። የቺንጋውን ቁጥር ባለፈው ፋሲካ ገልብጬ ስለነበር መርካቶ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ግራውንድ ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ፣ ያውም እርጥብ ወለል ላይ፣ አልሰካትም፤ ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር አስቀድሜ ተነጋግሬያለሁ። ውሃ ልክም ይዤ እመጣለሁ፤ መጭመቂያው በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ስለሚሽከረከር፣ ዘንበል ብላ ከቆመች እየዘለለች በሩ ድረስ ትሄዳለች። በባልዲ የምትሞላ በመሆኗ የቧንቧ ውሃ መጥፋት አያስቸግራትም። አጥበው ሲጨርሱ ግን የማስወገጃውን ጎማ መሬት አድርሰው ውሃውን ጨርሶ ማንጠፍጠፍ አለብዎት፤ ውስጧ የቀረ ውሃ ሌሊት በረዶ ሲሆን ይሰፋና ይሰነጥቃታል። ብርድ ልብስ መጭመቂያው ውስጥ እንዳይከቱ፤ ውሃ የጠጣ ሱፍ ይከብዳታል።

ማሽኗ በ1981 ዓ.ም. ስትመጣ እማዬ ክዳኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል አስታውሳለሁ። እርስዎ ግን ከሦስት እጥበት በኋላ «መብራት ትበላለች» ብለው ገመዷን ጠቀለሉት፤ እማዬም እንደ ቀድሞው በየቅዳሜው ልብሱን ተሸክማ ወደ በሬሳ ወንዝ ትወርድ ጀመር። ማታ የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን ቅቤ ስትቀባ አጠገቧ የምተኛው እኔ ነበርኩ። አራት ልጆችን በዚያ ደመወዝ ማስተማር ምን እንደሚጠይቅ አሁን ልጆች ሳሳድግ ይገባኛል፤ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ። ቢሆንም ለእርሷ የተነፈገችውን ማሽን ለእርስዎ ለመጠገን ስነሣ ቅር እንደሚለኝ ብደብቅዎ ውሸት ይሆንብኛል። እማዬ ብትኖር ግን ከእኔ ቀድማ «ሥራለት» የምትለኝ እርሷ እንደነበረች አውቃለሁ።

ቅዳሜ ከረፋዱ በፊት እደርሳለሁ። ሰኞ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን፤ ሰው ከጠየቀን ጉልበትዎን ለማሳየት ነው እንላለን። አንሶላዎቹን እስከዚያ ሳያጥቡ ቅርጫት ውስጥ ይተዉልኝ።

ልጅዎ