በ«ጎስት» ውስጥ የተደበቀችው ፊደል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እሑድ ዕለት በስልክ ያነሣሽው ጉዳይ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ የቀረውን በወረቀት ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥሁ። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ይዟት የመጣውን የመንፈስ ታሪክ፣ ገና ማንበብ ለጀመረ የስድስት ዓመት ልጅ ትከብዳለች፣ እንቅልፍም ትነሣዋለች ብለሽ ከቦርሳው አውጥተሽ መሳቢያ ውስጥ እንደ ደበቅሻት ነግረሽኛል። እኔ መልሺለት ባይ ነኝ፤ ይህንንም ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

ወደዚህ አገር፣ ወደ አሜሪካ፣ የገባን ጊዜ አንቺም በእሱ ዕድሜ ነበርሽ። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ቆጥረሽ ጨርሰሽ ስለ ነበር፣ ማንበብ ማለት ያዩትን ሁሉ መጥራት ይመስልሽ ነበር። በዚያ ጥቅምት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስናት ቀጭን መጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን «ጎስት» (ghost፣ መንፈስ ማለት ነው) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበረና፣ ሁለተኛዋን ፊደል፣ «ኤች»ን፣ በጣትሽ ይዘሽ «ይቺ ለምን አትናገርም?» አልሽኝ። መልስ አልነበረኝም። አንቺ ግን ጥቂት አሰብሽና «እማዬ፣ መንፈሷ እኮ እሷ ናት፤ ትታያለች እንጂ አትሰማም» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ዝምተኛ ፊደል ስናድን ከረምን፤ «ናይት» (night፣ ሌሊት) ውስጥ ሁለት፣ «ኖክ» (knock፣ ማንኳኳት) መግቢያ ላይ አንዲት ያዝን።

ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በ«ናይት» ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱ ፊደላት በጥንቱ እንግሊዝኛ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የእኛን «ኸ» የሚመስል ድምፅ ነበራቸው፤ ድምፁ ሞተ፣ ፊደሎቹ ቀሩ። የእኛዎቹ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ»ስ ቢሆኑ፣ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው አይደል፣ ዛሬ ከሃሌታው «ሀ» ጋር ተዳብለው የሚኖሩት? የ«ጎስት»ዋ «ኤች» ግን ድሮም ድምፅ አልነበራትም፤ እ.ኤ.አ. በ1476 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ማተሚያ ያቆመው ዊልያም ካክስተን ቀድሞ በፍላንደርስ ይሠራ ስለ ነበር፣ እሱና ሠራተኞቹ ከዚያ አገር አጻጻፍ ይዘዋት እንደ መጡ ይነገራል።

እንደ ልጅሽ መጽሐፍ ያሉ የመንፈስ ታሪኮች በዚህ ወቅት መብዛታቸው አያስገርምም። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ እዚህ ሜሪላንድ ልዩነቱ ከአምስት ሰዓት ይበልጣል። በእኛ አገር ጥቅምት ሰማዩ ጠርቶ እሸት የሚበላበት ወር ነው፤ እዚህ ግን ቅጠሉ ይረግፋል፣ ኖቬምበር ሲገባ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልጅም ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቅጡ ሳይጫወት ይመሽበታል። ጨለማው በደጁ መጥቶ ከቆመ ዘንድ ስለ ጨለማው ማንበቡ ምን ክፋት አለው?

በዚያው ሰሞን የፈጸምሁትን ስሕተት ታስታውሺው ይሆናል። መብራት የጠፋ ማታ፣ አያቴ እንደ ነገሩኝ አድርጌ፣ በእናቷ ድምፅ እየተጣራ ልጅቱን ከደጅ ስለሚያስወጣት ጅብ ተረክሁልሽ፤ ድምፁንም አስመስዬ ጮኽሁ። ሳምንት ሙሉ ከእኔ አልጋ አልወረድሽም። ጥፋቱ የጅቡ አልነበረም። በተረት ጊዜ ፍርሃቱን የሚያፋጥነውና የሚያዘገየው ተራኪው ነው፤ እኔ ደግሞ ፊትሽን በጨለማው ማየት አልቻልሁም ነበር። ልጅ ራሱ በሚያነብበት መጽሐፍ ግን ቀጣዩን ገጽ የሚገልጠው የእሱ ጣት ነው፤ ሲፈራ ይዘጋዋል፣ ልቡ ሲመለስ ደግሞ ይከፍተዋል። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ያን በደሌን ለመካስ ሁለት ወረቀት አጥፌ፣ በመሐሉ በክር ሰፍቼ፣ ስምንት ገጽ ያላት መጽሐፍ ጻፍሁልሽ። የእኔም እንግሊዝኛ ከአንቺ ብዙ አይርቅም ነበርና በየገጹ ከአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አላለፍሁም። ልጅቱ አልጋዋ ላይ ሳለች ጣሪያው «ታፕ፣ ታፕ» ይላል፤ ትነሣለች፣ ደረጃውን ትወጣለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ጉጉት «ሁ?» ብላ ትጠይቃታለች። በእንግሊዝኛ ይህ የጉጉት ጩኸትም «ማን ነው?»ም ስለ ሆነ፣ አንቺ ከልጅቱ ቀድመሽ «እኔ ነኝ!» ብለሽ ትመልሺ ነበር። (እናቴ ጉጉት በመጽሐፍ ማስገባቴን ቢሰሙ ምን ይሉኝ ነበር!) በሰባተኛው ገጽ ጣሪያውን የሚመታው ነፋስ ያራገፈው የኦክ ዛፍ ፍሬ ሆኖ ይገኛል። በስምንተኛው ላይ ግን «ነፋሱ ቆመ። ታፕ።» ብዬ ተውሁት። ጋቢ ውስጥ ገብተሽ ከሣቅሽ በኋላ «እንደ ገና ከመጀመሪያው» አልሽኝ፤ «ታፕ» የሚለውን ቃል ስምንት ጊዜ ስላየሽው ከዚያ በኋላ የትም ስታገኚው አልሳትሽውም።

ስለዚህ ልጅሽ ሲያነብብ መጨረሻው ድመት ነው ወይም ነፋስ ነው ብለሽ አትቅደሚው። አንድ ቃል ላይ ሲቆም ወዲያው አትንገሪው፤ ጣቱን ይዞ ይታገል፣ ፍርሃቱ ራሱ ወደፊት ይገፋዋል። መጽሐፉን ከዘጋው ደግሞ ለምን ዘጋህ አትበዪው።

ስለ ሃሎዊን በዓል ያልሽኝን በአጭሩ ልመልስ። በኦክቶበር 31 ማታ ልብስ ቀይረሽ በየደጁ እንድትዞሪ አልፈቀድሁልሽም፤ ዛሬም አልጸጸትበትም፣ አንቺ ለልጅሽ የፈለግሽውን ወስኚ። በዚያ በዓል የሚበራው፣ ከዱባ የሚቀረጸው ፋኖስ አየርላንዳውያን በአገራቸው እንደ ድንች ከመሬት በሚቆፈር ሥር ይቀርጹት የነበረ ልማድ ነው፤ አሜሪካ ሲሰደዱ ዱባው ተለቅ ብሎ፣ ለመቅረጽም ቀሎ አገኙት። እኔ የገዛሁትን ዱባ ሁሉ ወጥ ሠርቼበታለሁ።

ያቺን በክር የተሰፋች መጽሐፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ቡናማ ነጥብ የሻይ ነው፣ ጥፋቱም ያንቺ ነው። ስምንተኛውን ገጽ አስቀድመሽ አታሳዪው። ነፋሱ ከቆመ በኋላ ጣሪያውን የመታው ማን እንደ ሆነ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱ ማን ነው እንደሚል ጻፊልኝ።

እናትሽ