የበር ሴንሰርን «ዳይሬክት» ማድረግ ጥገና አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ በሪሞት የሚከፈት ተንሸራታች የጊቢ በር ዛሬ የትልልቅ ቪላዎች ብቻ አይደለም፤ አፓርታማውም፣ መለስተኛው መኖሪያ ቤትም፣ መጋዘኑም እያስገጠመው ነው። ክረምት ሲገባ ታዲያ «በሩ ይከፈታል፣ አልዘጋ ግን አለ» የሚል ጥሪ ይበዛል። ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች ተለምደዋል፤ ወይ «ቦርዱ (የሞተሩ መቆጣጠሪያ) ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ ይገዛል፣ ወይ ሴንሰሩ በሽቦ ተገናኝቶ «ዳይሬክት» ይደረጋል፤ ማለትም ከሥራ ውጭ ይሆናል። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው የሚያስከፍለው። ሁለተኛው ልጅ ሊያስከፍል ስለሚችል ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከመሬት 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተገጠሙት ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ሴንሰሮቹ ናቸው። አንደኛው በዓይን የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላኛው ይቀበላል። ጨረሩ እስካልተቋረጠ ድረስ የተቀባዩ ኮንታክት (የኤሌክትሪክ መገናኛው) ዝግ ሆኖ ይቆያል፤ ሰው፣ መኪና ወይም ውሻ ሲያቋርጠው ኮንታክቱ ይከፈትና ቦርዱ በሩን ከመዝጋት ይቆጠባል። በአብዛኛው አገጣጠም የጨረሩ መቋረጥ መክፈትን አይከለክልም። ስለዚህ የሚከፈት ግን የማይዘጋ በር፣ ቦርዱ ጤነኛ ሆኖ የታዘዘውን እየፈጸመ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሴንሰሩ ነው።

የሴንሰሩን መስታወት በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጭቃ፣ የሸረሪት ድርና በውስጥ በኩል የተቋጠረ እርጥበት ጨረሩን ያደክሙታል። ሳጥኑ በመኪና ተነክቶ ዞሮ እንደሆነም እዩ። በተቀባዩ ላይ ያለች ትንሽ መብራት ጨረሩ መድረስ አለመድረሱን ትናገራለች፤ መብራቷ የምትበራው ጨረሩ ሲደርስ ይሁን ሲቋረጥ እንደየምርቱ ስለሚለያይ በእጃችሁ ጋርዳችሁ ለውጡን ተመልከቱ። ከዚያ በቴስተር ቦርዱ ላይም ሴንሰሩ ላይም ያለውን ቮልት ለኩ። ቦርዱ 24 ቮልት እያወጣ ሴንሰሩ ጋ 15 ወይም 16 ብቻ ከደረሰ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ገመድ መገጣጠሚያው ውሃ ጠጥቶ ዝጓል ማለት ነው። ክረምት ላይ ጥሪው የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ችግሩ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2፡30፣ ወይም ከቀትር በኋላ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ፀሐይን ጠርጥሩ። ዝቅ ብላ የምትወጣ ወይም የምትገባ ፀሐይ በቀጥታ ተቀባዩ ላይ ካረፈች ታሳውረዋለች። የላኪና የተቀባዩን ቦታ ማቀያየር ብቻ ይፈታዋል፤ የሚገዛ ዕቃ የለም።

ሽቦ ማገናኘት ለሙከራ ይፈቀዳል፤ ባለሙያው በሩ ጋ ቆሞ፣ ማንም እንዳያልፍ እየጠበቀ፣ ለአንድ ደቂቃ። በሩ ከተዘጋ ጥፋቱ በሴንሰሩ ወይም በገመዱ እንደሆነ ታወቀ፤ ሽቦው ወዲያው ይነሳል። እዚያው ትቶት መሄድ ግን በሩን ዓይነ ስውር አድርጎ ማስረከብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መከላከያ ሞተሩ እንቅፋት ሲገጥመው እንዲመለስ የሚያደርገው የኃይል ማስተካከያ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያለ ልክ ከፍ ተደርጎ ይገኛል፤ በሩ ሃዲዱ ላይ እየተጎተተ በየመንገዱ ሲቆም፣ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ኃይሉን መጨመር ስለሚቀል። የአውሮፓው ኢኤን 12453 ደረጃ እንዲህ ዓይነት በር ሲዘጋ ሰው ሊያዝ በሚችልበት ጠባብ ክፍተት የሚያሳርፈው የግጭት ኃይል ከ400 ኒውተን እንዳይበልጥ፣ ያም ቢሆን ከ0.75 ሰከንድ በላይ እንዳይቆይ ይወስናል። 400 ኒውተን 40 ኪሎ ያህል ነው። ሴንሰሩ «ዳይሬክት» የተደረገና ኃይሉ እስከ ጥግ የተለቀቀ ሞተር ለዚህ ልክ አይገዛም።

ስለዚህ ኃይል ከመጨመራችሁ በፊት በሩን በእጅ ግፉት። ብሬከሩን አውርዱ፣ ሞተሩን በመፍቻ ቁልፉ ከበሩ አላቁት፣ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ውሰዱት። ጤነኛ በር አንድ ሰው ሲገፋው እኩል ይሄዳል። አንድ ቦታ ከከበደ እዚያው ፈልጉ፤ ሃዲዱ ላይ የገባ ጠጠር፣ የብየዳ ጉብታ፣ ኩሽኔታው ያለቀ ጎማ፣ ወይም በሩን ከላይ የሚይዘው መሪ ጠብቆ ይሆናል። የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ካላችሁ በሩ ላይ አንጠልጥላችሁ በመጎተት መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ላይ የሚያሳየውን ኪሎ ጻፉ። ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ የጥፋቱ ቦታ ነው።

ጎማው ሲያልቅ ሌላም መዘዝ አለው። በሩ ዝቅ ይልና በላዩ የተገጠመው ጥርሳም ብረት በሞተሩ ጥርስ ላይ ይጫናል። በሁለቱ መካከል በሙሉው ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠፋ የበሩን ክብደት የሞተሩ ዘንግ ይሸከመዋል፤ ኩሽኔታውም የዘይት ማኅተሙም ይበላሻል። ከሰፋ ደግሞ ጥርሱ ይዘልና ይላጫል። ጥርሱን ግራሶ መቀባት ጥሩ ይመስላል፤ አቧራና አሸዋ ስለሚይዝ ግን ይሞርደዋል። በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።

ሞተሩ እያጉረመረመ የማይነሳ ከሆነና በ220 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) እዩ። በእጅ ትንሽ ሲገፋ የሚነሳ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በላዩ 10 ወይም 12.5 ማይክሮፋራድ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲለካ በአምስተኛ ያህል ካነሰ ይቀየር። መብራት ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሳይፈስ አይነካ። አዲሱ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

ካፓሲተሩ ደህና ሆኖ ሞተሩ ምሽት ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ የመስመሩን ቮልት ለኩ። የዚህ ዓይነት ሞተር ጉልበት ከቮልቱ ጋር በካሬ ነው የሚወርደው፤ 220 ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ደጋግሞ ሲሞክር ይግልና የውስጥ መከላከያው ያቆመዋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁት እንጂ «ተቃጠለ» አትበሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት ለመከላከል፣ ለፍሪጅ የሚሸጠው ዓይነት አዘግይቶ የሚያገናኝ ፕሮቴክተር ለቦርዱም ይጠቅማል።

ባትሪ ላላቸው የ24 ቮልት ሞተሮች፦ ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ሞልተው ሲያርፉ እያንዳንዳቸው ወደ 12.7 ቮልት ማሳየት አለባቸው፤ ሲቀየሩም ሁለቱ አብረው ይቀየሩ። ሪሞቱ የሚሠራው በጣም ሲቀርቡ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ፣ ቀጥሎ የቦርዱን አንቴና ተመልከቱ፤ በ433 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ሪሞት የሽቦ አንቴናው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ተቆርጦ ወይም ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ርቀቱ ያጥራል። የጠፋ ሪሞት ካለ ሌላ መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ የቦርዱ ትውስታ ተሰርዞ በእጅ ያሉት ሪሞቶች እንደገና ይመዝገቡ።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም። ተንሸራታች በር ከሃዲዱ ጫፍ አልፎ ከላይኛው መሪ ከወጣ ይወድቃል፤ ብዙ መቶ ኪሎ ብረት ደግሞ ሰው በእጁ ደግፎ አይመልሰውም። የሞተሩ የጫፍ ስዊች ሞተሩን ያጠፋል እንጂ በሩን አይዝም። ስዊቹን የሚያሠራው በሩ ላይ ያለ ማግኔት ከተንሸራተተ ወይም ሞተሩ ለጥገና ከተፈታ የሚቀረው በሁለቱም ጫፍ ኮንክሪት ውስጥ የተተከለ የብረት ማቆሚያ ብቻ ነው። ይህ ማቆሚያ የሌለው በር እስኪሠራለት ድረስ ባይንቀሳቀስ ይሻላል።

ሻጮችና ገጣጣሚዎችን የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ሥራውን ስታስረክቡ በቦርዱ ክዳን ውስጥ የበሩን ክብደት፣ የካፓሲተሩን ልክ፣ ባትሪው የገባበትን ቀንና ኃይሉ የተስተካከለበትን ደረጃ በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉ። የመፍቻውን ቁልፍ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለጥበቃውም አስረክቡ፤ እንዴት እንደሚፈታም በእጁ አስሞክሩት። ባለቤቶችም በወር አንድ ጊዜ በሩ እየተዘጋ ሳለ በመጥረጊያ እንጨት ጨረሩን አቋርጡ። ሳይቆምና ሳይመለስ መዝጋቱን ከቀጠለ ያን ቀን ብሬከሩን አውርዱና በሩን በእጅ ተጠቀሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአውቶማቲክ በር ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ