ደረቀች ተብላ የምትጣለው ፒንጉዊኩላ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ከአበባ መሸጫ የምትገዟት የሜክሲኮ ፒንጉዊኩላ (ትንኝ አጥምዳ የምትበላ ትንሽ ተክል) ብዙ ጊዜ የምትጣለው ሳትሞት ነው። ሊያድናት የተነሳም ውሃ አብዝቶባት ይገድላታል።

ቅጠሏ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፤ የሚያብረቀርቀው ትንኝ የሚይዝ ሙጫ ነው። የሜክሲኮ ዝናብ እንደ እኛው ክረምት በሰኔ ገደማ ይበረታል፤ ከኅዳር ወዲያ አገሩ ይደርቃል። ያኔ ሙጫማ ቅጠሎቿን ጥላ ትንንሽ፣ ወፋፍራም፣ ሙጫ አልባ ቅጠል ታወጣለች። ይህ ዕረፍቷ እንጂ በሽታዋ አይደለም። ሻጮች ግን ለሥጋ በል ተክል ሁሉ «ከውሃ አትለዩ» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ። በዕረፍቷ ወቅት ይህ ምክር ቅጠሎቿ የሚወጡበትን መሃሏን፣ እምብርቷን፣ ያበሰብሰዋል።

ተረስታ የከረመችውን መጀመሪያ እምብርቷን በጣት ነካ አድርጉ። ጠንከር ካለ በሕይወት አለች። ከአሮጌው አፈር አውጡና የደረቁ ቅጠሎቿን በወረንጦ ልቀሙ፤ ሻጋታ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሥሯ ቀጭንና ጥቂት ስለሆነ አያስደንግጣችሁ፣ ይተካል። ሁለት እጅ ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ)፣ አንድ እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቨርሚኩላይት (ውሃ የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ቀላቅላችሁ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው 8 ሴንቲ ሜትር ሳክሲያ ትከሏት። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ጨው አለበት፣ አይሆንም። ኮምፖስትና ማዳበሪያም ሥሯን ያቃጥላሉ።

ውሃው የዝናብ ወይም ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ይሁን። የቧንቧ ውሃ ሲተን ማዕድኑ አፈሩ ላይ ይቀራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው። ከሥር በሰሃን ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጨምሩ። ሰሃኑ ደርቆ አንድ ሁለት ቀን ሳይቆይ አትድገሙ፤ በዕረፍቷ ጊዜ ደግሞ አፈሩ ትንሽ እርጥበት ቢኖረው ይበቃል። ብርሃን ትወዳለች፣ ግን ከጨለማ ወጥታ በአንድ ጊዜ የቀትር ፀሐይ ካገኛት ትቃጠላለች።

እምብርቷ ለስልሶ ከጠቆረ እሷን ማትረፍ ያስቸግራል፤ ጤነኛ የዳር ቅጠል ካላት ግን ዘሯ አይጠፋም። ቅጠሉን ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ከነነጩ ግርጌው ንቀሉት፤ መሃሉ ላይ የተቆረጠ ብዙ ጊዜ አይበቅልም። በረጠበ ፐርላይት ላይ አጋድሙትና ክዳን ባለው ብርሃን አሳላፊ ዕቃ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። በጥቂት ሳምንታት ከግርጌው ችግኝ ብቅ ይላል።

አዲሱ ቅጠል ሙጫ እስኪያወጣ ድረስ ምንም አትመግቧት። ከዚያም በኋላ ሥጋ አትስጧት፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ ከሳክሲያዎች አፈር የሚነሱት ትንንሽ ትንኞች ይበቋታል።

ከአክብሮት ጋር