እማዬ፣ ፊልም አየሁልሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እማዬ፣
ደብረ ማርቆስ

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? እታለም፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ የላክሽልኝን ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ሰሞኑን ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራን ሲል፣ አገር ቤት የሚገባ ሰው አገኘሁና በወረቀት ላውጋሽ ብዬ ነው። ደግሞም ዕዳ አለብኝ። ባለፈው ስነግርሽ የነበረው ፊልም መሀል ላይ ሳለን መስመሩ ጠፋ። «እና ልጁ ዳነ?» እንዳልሽ ቀረሽ። ዛሬ እጨርስልሻለሁ። (ሚጡ፣ የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ቀስ እያልሽ አንብቢ። በቅንፍ ያለውን ግን ለራስሽ ብቻ።)

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። እዚህ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ የሲኒማ ዋጋ ይቀንሳል። ልብሴን አጥቤ ስጨርስ ብቻዬን ሄጄ እገባለሁ። የፊልም አዋቂ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የተማርኩት መናኸሪያው አጠገብ፣ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጠቅጥቄ ነው። ሳንቲሟ ከዳቦ መግዣ የተቀነሰች ነበረች፤ ዛሬ ልናዘዝ። እዚያ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ አክተሩ አይሞትም። እንግሊዝኛ የሚሰማ ስላልነበረ አንድ ልጅ ፊት ተቀምጦ ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ ይተረጉምልናል። የእሱ ታሪክ ከፊልሙ የሚበልጥበት ቀንም ነበር።

አሁን ከሲኒማ ወጥቼ መኪና ውስጥ ስገባ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ይኼን ለእማዬ እንዴት አድርጌ ልንገራት?» ለአንቺ የሚነገር ከሆነ ጥሩ ፊልም ነው። ካልሆነ፣ የፈለገ ዶላር ይፍሰስበት፣ እኔ አላየሁትም።

ያ ያልጨረስኩልሽ «ሲነርስ» ይባላል፤ «ኃጢአተኞች» እንደማለት ነው። ሲኒማ ቤት የገባው አምና ፋሲካ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በስቅለት ዕለት ነበር። እኔ ከፋሲካ በኋላ ነው ያየሁት፣ አትቆጪ። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1932፣ ሚሲሲፒ በምትባል የጥቁሮች ጭቆና በጠናባት አገር ነው። ሁለት መንታ ወንድማማቾች ከቺካጎ ገንዘብ ይዘው ይመጡና የጭፈራ ቤት ይከፍታሉ። መንታዎቹን ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ነው፣ ማይክል ቢ. ጆርዳን። እንዴት እንደሚለያቸው እንጃ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን አንድ ሰው መሆኑን ረሳሁት። የአጎታቸው ልጅ ደግሞ የሰባኪ ልጅ ነው፤ ጊታር ይመታል። አባቱ ጣላት ይለዋል፣ እሱ እንቢ። የቄስ ልጅ ማሲንቆ አንስቶ ሲወጣ አስቢው፣ በቃ እሱ ነው።

ሌሊት ላይ ደም መጣጮች በሩ ላይ ይመጣሉ። የእነሱ ጠባይ ምን መሰለሽ? «ግቡ» ካልተባሉ አይገቡም። ደጅ ቆመው ይዘፍናሉ፣ ይለማመጣሉ፣ በስም ይጠራሉ። እኔ ፈርቼ መሣቅ ያዘኝ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ገና በሩ ሲንኳኳ «ግቡ እንጂ፣ ምነው ብርድ ላይ ቆማችሁ! ቤት ለእንግዳ!» ብለሽ አስፈጅተሽን ነበር። አንድ ነገር ግን ባንቺ ልክ ነው፦ ማን ጤነኛ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ነጭ ሽንኩርት አስበሏቸው! መጋኛ እንዳይመታን አንገታችን ላይ ታንጠለጥይልን የነበረውን አስታወስኩ።

የቅኔ መምህሩ አጎቴ ቢያየው ወርቁን ወዲያው ያወጣው ነበር። ደም መጣጩ ሰሙ ነው። ወርቁ፣ የሰው ዜማ አምሮህ ባለዜማውን ራሱን መዋጥ ነው። ይኼን ከሲኒማ ወጥቼ፣ መኪና እየነዳሁ ነው የገባኝ።

ልጁ ዳነ፣ እማዬ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ቀረበት እንጂ ዳነ። አርጅቶም አሳዩን። ጊታሩንም አልጣለም።

«ኦፐንሃይመር» ከወጣ ቆይቷል፣ ሐምሌ 2015 ነው። የአቶሚክ ቦምብን ሥራ የመራው ሊቅ ታሪክ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰዎች ክፍል ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። 7 ኦስካር ወስዷል፣ የእኔ አንገት ግን ደርቋል። አንድ ቦታ ብቻ ልንገርሽ። ቦምቡን ገና ሳይነጋ በረሃ ላይ ሲሞክሩት መጀመሪያ ብርሃኑ ይመጣል። ድምፅ የለም። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ሳላውቀው መቁጠር ጀምሬያለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክረምት ጮቄ በኩል ሲበርቅ ታስቆጥሪን የነበረውን። ነጎድጓዱ ሲደርስ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። (በዚያው ቀን የአሻንጉሊቷ ፊልም፣ «ባርቢ»ም ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ሮዝ ለብሰው ተሰልፈው ሳይ ማኅበር ያላቸው መስሎኝ ነበር።)

«ዱን ክፍል ሁለት» ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ከማታ ሥራ ወጥቼ ስለነበር ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። ስነቃ አንዱ ተራራ የሚያክል ትል ይጋልባል። መልሼ ተኛሁ። የመኪና ውድድሩ፣ ብራድ ፒት ያለበት «ኤፍ ዋን»፣ ደስ ይላል፤ ግን በዚያ ለስላሳ አስፋልት ምን ያስጨበጭባል? ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ የአባይን በረሃ ወርዶ በሌሊት ደጀን የሚወጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው ፊልም የሚገባው።

ያፈርኩበትንም ልንገርሽ። «ኤ ኳየት ፕሌስ፦ ዴይ ዋን» የሚሉት አለ። ከሰማይ የወረዱ አውሬዎች አያዩም፣ በድምፅ ነው የሚያድኑት። ትንፍሽ ያለ አለቀለት። አክተሯ ሉፒታ ኒዮንጎ ናት፤ ካንሰር ይዟታል፣ ድመቷን ታቅፋለች። ከተማው በሙሉ ወደ መርከብ ሲሸሽ እሷ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ለምን ብትይ፣ የልጅነቷንና ያባቷን ትዝታ የያዘ ሰፈር ሄዳ ፒዛ መብላት አምሯት። ፈረንጆቹ ይኼን እንደ ዕብደት አይተውት ይሆናል። እኔ ግን አባዬ ሊያርፍ ሰሞን፣ በዚያ በሚያዝያ፣ የባቄላ እሸት ሲያምረው ትዝ አለኝ። ጨሞጋ ዳር መስኖ ያለው ሰው ፈልገሽ አመጣሽለት። ሁለት ፍሬ ቀምሶ ተወው።

እና አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ፈንዲሻ እንኳ የሚያላምጥ የለም። (ስለ ፈንዲሻው አታንሺ። በባልዲ ነው የሚሸጡት። «ቅቤ ይጨመር?» ሲሉኝ አዎ አልኩ፤ ቢጫ ዘይት ደፉበት።) አውሬው ከኋላ ሲመጣ ከአፌ አመለጠኝ፤ «ዞር በይ አንቺ!» በአማርኛ፣ በቪዲዮ ቤት ድምፅ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷማ ጮኸች፣ ከአውሬው ይልቅ እኔን ፈርታ። እስኪያልቅ ድረስ ጋቢ እንዳለው ሰው ጃኬቴ ውስጥ ተደበቅሁ።

አሁን መመዘኛዬን ያበላሸብኝን ልንገርሽ። «ፍሎው» ይባላል። ላትቪያ ከምትባል ትንሽ አገር የመጣ የካርቱን ፊልም ነው። ማንም በነፃ በሚያወርደው ፕሮግራም ሠርተው፣ በፈረንጆቹ 2025 ትልልቆቹን ካምፓኒዎች አሸንፈው ኦስካር ወሰዱ። አንዲት ጥቁር ድመት ናት። ውኃ ዓለሙን ሲያጥለቀልቀው ጀልባ ላይ ትወጣለች። ውሻ፣ እግረ ረጅም ወፍ፣ መስታወት የማይለቅ ጦጣ መሳይ ነገር ይቀላቀሏታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል የለም። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት በስፓኒሽ ነበር ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚያወሩት። ሦስታችንም እኩል ሣቅን፣ እኩል ዝም አልን። የሚተረጉም ልጅ አላስፈለገም።

ለአንቺ ልነግርሽ ስል ግን «ድመት ነበረች፣ ውኃ መጣ፣ ጀልባ ላይ ወጣች» ብዬ አለቀብኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። የኖኅ መርከብ ነው ብልሽ ኖኅ የለበትም።

ስለዚህ ዲቪዲውን ገዝቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ ሰውዬው ከቡናና ጌሾ መላኪያው ሻንጣ ውስጥ ያስረክባችኋል። (ሚጡ፣ ማጫወቻዋ አቧራ ይዟት ይሆናል፣ ጥረጊያት። መብራት ባለበት ቀን፣ ቡና ሲፈላ ክፈችላት። አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። እሷ ትንገርሽ፤ ድመቷን ምን እንዳለቻት፣ ወፉን ምን ብላ እንደሰደበችው። ያለችውን እንዳለ ጻፊና ሰውዬው ሲመለስ ስጪልኝ። የካቲት ላይ ነው የሚመለሰው።)

ልጅሽ