«ተረጋጉ» ከምትሉን፦ ለጤና ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ ወረርሽኝ በሌለበት ሰዓት የምጽፍልዎት ሆን ብዬ ነው። አንዴ ከገባ እርስዎም ለማንበብ ፋታ አይኖርዎትም፣ እኔም የምጽፈው በንዴት ይሆናል። መሥሪያ ቤትዎ ለሚቀጥለው ጊዜ ሲዘጋጅ ስለ አልጋው፣ ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ መመርመሪያው የሚያስብ ባለሙያ አያጣም። እኔ የማነሣው ምንም በጀት ስለማይጠይቅ አንድ ቃል ነው፤ «ተረጋጉ» ስለሚለው።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካሳወቀ በኋላ፣ በነበሩት ቀናት በአንዱ ማታ እናቴ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጣ ዜና ትጠብቅ ነበር። እኔ ወዲያ ክፍል ሆኜ በስልኬ የደረሰኝን የድምፅ መልእክት ለሦስተኛ ጊዜ አዳምጣለሁ። «ሆስፒታል የምትሠራ ዘመዳችን ናት የነገረችን፤ ለማንም እንዳትናገሩ» ይላል፣ ስንቱ ሰው ተቀባብሎት እኔ ዘንድ የደረሰው መልእክት። ዜናው ሲያበቃ «ምን አሉ?» ብዬ ጮህኩ።

«ተረጋጉ አሉ።»

ትንሽ ዝም ብላ «ተረጋጉ ካሉማ ነገር አለ» አለችና የደም ግፊት መድኃኒቷን አውጥታ መቁጠር ጀመረች። 11 ፍሬ ቀርቷት ነበር።

በማግስቱ መድኃኒት ቤት ስሄድ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ወጥቷል። የሁለት ወር፣ የሦስት ወር መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች ያን ሰሞን ስንት ስም ሰጠናቸው! ስግብግብ፣ ወሬ አማኝ፣ ለሌላው የማያስብ። እኔ ግን ሰልፉ ውስጥ ስለነበርኩ እመሰክራለሁ፤ ከፊቴም ከኋላዬም የሚወራው አንድ ነገር ነበር፤ ነገ መድኃኒት ቤቱ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? ይህን የሚመልስ አንድ አረፍተ ነገር በማታው ዜና ቢኖር ኖሮ ግማሹ ሰው ቤቱ ይውል ነበር።

ሲንጋፖር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2020 የሥጋት ደረጃዋን ወደ ብርቱካናማ ከፍ ስታደርግ የሱቅ መደርደሪያው በአንድ ምሽት ተራቆተ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሲየን ሉንግ ወጥተው ምግቡም የሽንት ቤት ወረቀቱም በቂ እንደሆነ ተናገሩ። እስከዚህ ድረስ ማንም ባለሥልጣን የሚለው ነው። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ቫይረሱ ከተስፋፋ ንክኪ ያለውን ሁሉ መከታተል ከንቱ ድካም እንደሚሆን፣ የተጠረጠረውን ሁሉ ሆስፒታል እናስገባ ቢባል ሆስፒታሎቹ እንደማይችሉት፣ ያኔ ስልቱ መቀየር እንዳለበት ለሕዝቡ አስቀድመው ነገሩት። መጥፎውን ዜና ገና ሳይመጣ የሰማ ሰው፣ ሲመጣ የተታለለ አይመስለውም።

የጣሊያኑ ደግሞ ሌላ ነው። በማርች 7 ማታ፣ ሚላኖ ያለችበትን የሰሜኑን የሎምባርዲ ክልል የሚዘጋው ድንጋጌ ገና ሳይፈረም ረቂቁ አፈትልኮ መገናኛ ብዙኃን ላይ ወጣ። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ሮጠ፣ ወደ ደቡብ በሚሄደው ባቡር ተሳፈረ። እንዳይዛመት የተፈለገው በሽታ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት አብሯቸው ሳይሳፈር የቀረ አይመስለኝም።

የጭንብሉ ነገር ብዙ ተብሎበታልና አላሰለችዎትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፌብሩዋሪ 29 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም፣ ጭንብል መግዛት አቁሙ፣ ለተራው ሰው አይከላከልም፣ የሕክምና ባለሙያዎች ካጡት ግን እነሱም ሕዝቡም አደጋ ላይ ይወድቃሉ የሚል መልእክት አሠራጩ። ያውም በአንድ ትንፋሽ! ለሐኪሙ የጠቀመ ለእኔ እንዴት አይጠቅመኝም ብሎ ለመጠየቅ ሕክምና መማር አያስፈልግም። ኤፕሪል 3 ምክሩ እዚያው አገር ተገለበጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጁን 5 የራሱን አሻሻለ። ዕውቀት ሲጨመር ምክር ቢቀየር ማን ይቀየማል? «እጥረት አለ፣ ለሐኪሞቹ እናስቀድም» ቢባል ብዙዎቻችን እሺ እንል ነበር።

ያን ሰሞን እኔም ነጻው የስልክ መስመር ላይ ደውዬ ነበር። ከስንት ሙከራ በኋላ አንዲት ልጅ አነሣች። እናቴ ታስላለች፣ ምን ላድርግ አልኳት። ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረች፤ ገጹን ስትገልጥ ይሰማኛል። የጠየቅኳት ነገር እዚያ ላይ እንደሌለ ሲገባት «ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኛም አዲሱን መመሪያ የሰማነው በዜና ነው። ይህን አላውቅም። ትንፋሽ ካጠራት ግን እንዳትጠብቅ፣ ይዘሃት ሂድ» አለችኝ። ለሦስት ቀን የራቀኝ እንቅልፍ ያን ሌሊት ወሰደኝ። (የእናቴ ጉንፋን ነበር፤ በሳምንቱ ድና የእኔን ሳል መቆጣጠር ጀመረች።)

«ሁሉን ከነገርነው ሕዝቡ ይሸበራል» የሚል አማካሪ በዙሪያዎ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። በሽታው መጀመሪያ በታየባት የቻይናዋ ውሃን ከተማ የዓይን ሐኪሙ ሊ ዌንሊያንግ ባልደረቦቹን ስላስጠነቀቀ ጃንዩዋሪ 3 ቀን 2020 ፖሊስ ጠርቶ፣ እውነት ያልሆነ ነገር ተናግረሃል ብሎ ተግሣጽ አስፈረመው። ከወር በኋላ በዚያው በሽታ ሞተ። ለአማካሪዎ የምጠይቀው፣ በዚህ ምን ያህል ሽብር ቀረ የሚለውን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን መግለጫ ዛሬ አርቅቁት። የበሽታው ስምና ቁጥሩ ክፍት ይቆይ። ይህን እናውቃለን፣ ይህን ገና አናውቅም፣ ለማወቅ ይህን እያደረግን ነው፣ ነገ በዚሁ ሰዓት አዲስ ነገር ቢኖርም ባይኖርም እንመለሳለን፤ ይህን ለመጻፍ በሽታው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። መድኃኒት ቤትና የምግብ ሱቅ ክፍት መሆን አለመሆኑ ደግሞ ከላይ ይግባ፣ ከባለሥልጣናቱ ስምና ማዕረግ በፊት። ረቂቁ ሲያልቅ፣ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከመሄዱ አስቀድሞ፣ ስልክ ለሚያነሡት ልጆች አንብቡላቸው፤ ያልተመለሰውን ጥያቄ እነሱ ይነግሯችኋል።

ከአክብሮት ጋር